የኢትዮጵያን ተራሮች በሚፈላ ውሃ የለኩት አንቷን ዳባዲ

አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ደጋ ሲዘዋወሩ ከጓዛቸው የማይለዩ ሁለት ዕቃዎች ነበሩ፤ የውሃ ማፍያና ቴርሞሜትር። ከፍታ ላይ ሲደርሱ ውሃው በስንት ዲግሪ እንደፈላ ይመዘግባሉ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

እአአ በ1810 ደብሊን ውስጥ ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወልደው ፈረንሳይ ያደጉት ዳባዲ፣ በ1838 ከታናሽ ወንድማቸው ከአርኖ ጋር ምጽዋ ገቡ። እስከ 1848 የብራና መጻሕፍት ሰበሰቡ፣ ቋንቋ አጠኑ፣ በዓይን ሕመም ተሠቃዩ፤ በ1843 ደግሞ ከፋ ድረስ ዘለቁ።

የሚለኩት አየር ግን አይረጋም። በምድር ወገብ አካባቢ ከባቢ አየር በፀሐይ ሙቀት እየተገፋ እንደ ሞገድ በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣል፣ ይወርዳል። ግፊቱ ጠዋትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ይበረታል፤ ሌሊትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይላላል። ሰው ልዩነቱን አያውቀውም፤ በቴርሞሜትሩ ላይም ቢበዛ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው። ይህችው ታዲያ የተራራውን ልክ እስከ 30 ሜትር ታዛባለች። ሰዓቱ ያልተጻፈበት ልኬት አይታመንም ማለት ነው። ዳባዲም በውሃው ብቻ አልተማመኑም፤ በቴዎዶላይት ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕዘናትን ለኩ።

ትልቁ ስሕተታቸው ከአየሩ አልመጣም። ግቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብለው አወጁ፤ ወንዙ ግን የኦሞ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ከፋ መድረሳቸውን ሳይቀር ተጠራጠረ። ያን ያህል ጠንቃቃ ሰው በዚህ ሐሳብ ለዓመታት መጽናታቸው ያስገርማል።

በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ፤ በ1892 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚን መሩ፤ በ1897 ፓሪስ ውስጥ ዐረፉ። የተቀበሩት በስፔን ድንበር አጠገብ፣ እንዳይ በተባለው ስፍራ ባሠሩት ግንብ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ይነበባል።

በዚያው ግንብ፣ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለማጥናት፣ ላ ሩን የተባለውን ተራራ በቴሌስኮፕ የሚመለከቱበት ቀዳዳ ግድግዳውን አስበስተው ነበር። ሙከራው አልተሳካም። ዳባዲም ምንም እንዳላዩና ምንም እንዳልተማሩ የሚገልጽ ጽሑፍ በባስክ ቋንቋ እዚያው አስቀረጹ።