ካሜራውን ወደ ኩሽና ያስገባው የወደብ ሠራተኛ

ሪያድ ውስጥ ሲኒማ ቤት ከ35 ዓመት በላይ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2018 ነው። በንጉሥ አብደላ የፋይናንስ ማዕከል የታየው የመጀመሪያው ፊልም «ብላክ ፓንተር» ነበር። ዛሬ ልጆቹን ይዛችሁ ሞል ስትሄዱ የሲኒማውን በር ታውቁታላችሁ። ገብታችሁ የማታውቁም ብትሆኑ፣ ማታ ከማዳም ጋር ሳሎን ውስጥ፣ ወይም ሥራ ጨርሳችሁ ክፍላችሁ በስልክ፣ የቱርክ ድራማ የማታዩ ጥቂት ናችሁ።

በእነዚያ ድራማዎች ሻይ ይዛ የምትገባውን ሠራተኛ ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ትሪውን ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። ብዙ ጊዜ ስሟን እንኳ የሚጠራ የለም። ካሜራውም ሳሎን ይቀራል እንጂ ተከትሏት ኩሽና አይገባም።

ካሜራውን ይዞ እሷን ተከትሎ የገባ ሰው ግን ነበር። ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ነው። ብዙዎች የአፍሪካ ሲኒማ አባት ይሉታል። እሱም እንደ እናንተ ስደተኛ ሠራተኛ ነበር።

ሴምቤን የተወለደው በ1923 በደቡብ ሴኔጋል፣ ዚጊንሾር በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጋር ተጣልቶ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋረጠ። ዳካር ሄዶ ግንበኛም መካኒክም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አገሩን ትገዛ ለነበረችው ለፈረንሳይ ወታደር ሆኖ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ መርከብ ውስጥ ተደብቆ ፈረንሳይ ገባና ማርሴይ ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። በ1951 ጭነት ሲያወርድ ጀርባውን ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ንባብና ጽሕፈት ላይ በረታ፤ በ1956 ስለ አንድ ጥቁር የወደብ ሠራተኛ የሚተርክ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን አሳተመ።

መጻሕፍቱ ስም አስገኙለት። ነገር ግን የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነበር፤ የአገሩ ሰው አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። የሚጽፍላቸው ሰዎች እሱን ሊያነቡት አልቻሉም። ስለዚህ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደገና ተማሪ ሆነ፤ ሞስኮ ሄዶ ጎርኪ ስቱዲዮ ውስጥ ፊልም ሥራ ተማረ። ሲኒማን ለሕዝብ የማታ ትምህርት ቤት አድርጎ ያየው ነበር። በ1963 ስለ አንድ የዳካር ባለ ጋሪ የምትተርክ ሃያ ደቂቃ ገደማ የምትፈጅ ፊልም ሠራ።

እኛን በቅርብ የሚነካው ግን በ1966 የወጣው፣ «ጥቁሯ ልጅ» ሊባል የሚችለው ፊልሙ ነው። መነሻው ሴምቤን ጋዜጣ ላይ ያነበበው እውነተኛ ዜና ነበር። በፊልሙ ዲዋና የምትባል ወጣት ዳካር ውስጥ ሥራ ፈላጊ ሴቶች መንገድ ዳር ተቀምጠው በሚጠብቁበት ቦታ ትቀመጣለች። አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም መጥታ ትመርጣታለች። ዳካር እያሉ ሥራዋ ልጆች መጠበቅ ነበር። ፈረንሳይ፣ አንቲብ ከተማ ከወሰዷት በኋላ ግን ማብሰሉም ማጠቡም ማጽዳቱም በእሷ ላይ ወደቀ። ያንን የሚወራለትን ባሕርና ከተማ ከመስኮት ባሻገር ብዙም አታየውም። ተመልካቹም ብዙም አያየውም፤ ሴምቤን አንቲብ ላይ ካሜራውን አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ ጋር ቤት ውስጥ ዘግቶበታል። እሷን ያፈናት ግድግዳ እኛንም ያፍነናል።

ሴምቤን ዕቃንም ያናግራል። ዲዋና በመጀመሪያ የሥራ ጊዜዋ ለአሠሪዎቿ አንድ የእንጨት ጭንብል በስጦታ ሰጥታ ነበር። ዳካር ቤታቸው ከሌሎች ጭንብሎች ጋር ነበር። አንቲብ ላይ ነጭ ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሏል። በኋላ ከግድግዳው አውርዳ የራሷ መሆኑን ስታሳይ ከማዳም ጋር ይጓተቱበታል። በእያንዳንዱ ጊዜ ጭንብሉ በማን እጅ እንዳለ የተከታተለ ሰው ታሪኩን ያለ ቋንቋ ይረዳል።

የድምፁ ነገር ደግሞ አለ። ዲዋና ለአሠሪዎቿ ከአጭር የእሺታ መልስ ሌላ ብዙም አትናገርም። በልቧ የምታስበውን ግን እንሰማለን፤ የምንሰማውም በፈረንሳይኛ፣ በሌላ ሴት ድምፅ፣ በሄይቲያዊቷ ቶቶ ቢሴንት ነው። የገዛ ሐሳቧ እንኳ በሰው አፍና በሰው ቋንቋ ይመጣል።

ከሁሉ በላይ የደብዳቤው ትዕይንት አይረሳም። ከእናቷ ደብዳቤ ይመጣል። ማንበብ ስለማትችል አሠሪዋ ያነብላታል። ከዚያ ሳይጠይቃት፣ እሷን ሆኖ መልሱን መጻፍ ይጀምራል። ሰውየው በዚያ ሰዓት ቁጡ አይደለም፤ እንዲያውም የረዳት ይመስለዋል። ዲዋና ደብዳቤውን ትቀደዋለች።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። አንድ ጊዜ አንዲት እህት ስለ ደመወዟ እያለቀሰች ብዙ ደቂቃ የተናገረችውን፣ ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ በሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጥሬ በአረብኛ አቀረብኩት። የገንዘቡ መጠንም ወሩም ልክ ነበር። እሷ ግን አረብኛ ትሰማ ነበርና ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ይህን ፊልም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደብዳቤው ሲቀደድ ያ አስተያየቷ መጣብኝ።

የዲዋና መጨረሻ አሳዛኝ ነው፤ ብቸኝነቱ በዝቶባት በገዛ እጇ ሕይወቷን ታጣለች። አሠሪዋ ሻንጣዋንና ጭንብሉን ይዞ ዳካር ይሄዳል፤ እናቷ ገንዘቡን አልቀበልም ይላሉ። አንድ ትንሽ ልጅ ጭንብሉን አጥልቆ ሰውየውን እስከ መኪናው ድረስ ይከተለዋል። እንዲህ ያለ ጨለማ የከበባት እህት ብትኖር፣ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ትንገር። ዲዋና የምትነግረው ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በቱኒዚያ የካርቴጅ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት አገኘ። በ1968 ሴምቤን «ማንዳቢ»ን ሠራ፤ ትርጉሙ ሐዋላ ነው። ፓሪስ መንገድ የሚጠርግ ወጣት ለአጎቱ ገንዘብ ይልካል፤ አጎቱ መታወቂያ ስለሌለው ሊያወጣው አይችልም፤ ጎረቤትና ዘመድ ግን ገና ገንዘቡ ሳይወጣ ተራ ይይዛል። ከዚህ ወደ ቤተሰብ ብር የላከ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። በዚህ ፊልም ገጸ ባሕርያቱ በራሳቸው ቋንቋ፣ በወሎፍ ተናገሩ።

የመጨረሻው ፊልሙ በ2004 የወጣው «ሞላዴ» ነው፤ ግርዛትን ሸሽተው የመጡ ሴት ልጆችን ስለደበቀች ሴት ይተርካል። ሴምቤን በ2007 ዳካር ውስጥ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እሱ ካቋቋሙት አንዱ በነበረበት የዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ የእኛው ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» ታላቁን ሽልማት ወሰደ።

ዛሬ ማታ ድራማ ስታዩ አንዱን ክፍል ድምፁን ዘግታችሁ ሞክሩት። ካሜራው ማንን ይከተላል? ማንን በር ላይ ይተዋል? የትኛው ዕቃ እየተመላለሰ ይታያል? ከዚያ ድምፁን ክፈቱና የሠራተኛዋን ቃላት ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ለጓደኛችሁ በኢሞ ንገሯት፤ እሷ ያየችውንም ጠይቋት። ሁለታችሁ አንድ ዓይነት ነገር ካላያችሁ፣ ወሬው ያኔ ይጥማል።