ሻርኮ፣ የእግር አካሄድ አንባቢው ሐኪም

ዣን ማርቲን ሻርኮ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 29 ቀን 1825 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ልጁ ግን ሕክምና አጥንቶ በ1862 ሳልፔትሪየር በተባለው ሆስፒታል ዋና ሐኪም ሆነ። ቦታው በጥንት ዘመን የባሩድ ማከማቻ የነበረ ሲሆን፣ ሻርኮ ሲገባ በሺዎች የሚቆጠሩ ድሆች፣ አሮጊቶችና የአእምሮ ሕሙማን ሴቶች የሚኖሩበት ትልቅ ግቢ ነበር። ለሌላው ሐኪም የዕድገት መጨረሻ የሚመስለው ይህ ግቢ ለሻርኮ የማያልቅ ትምህርት ቤት ሆነለት። በሽተኛውን ለዓመታት ይከታተላል፤ ሲሞት ደግሞ አስከሬኑን መርምሮ በሕይወት ሳለ ካየው ምልክት ጋር ያገናዝባል። በ1882 የነርቭ በሽታዎች ፕሮፌሰርነት መንበር ተቋቋመለት። ወጣቱ ፍሮይድ ሳይቀር በ1885 ሊማር ወደ እሱ መጥቷል።

ሻርኮ በተማሪዎቹ ፊት በሽተኞችን እያስነሳ ያስኬዳቸው ነበር። ከአረማመዳቸው ብዙ ያነብባል።

በ1886 ከተማሪው ከፒየር ማሪ ጋር አንድ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ገለጸ። ሕመሙ ከእግር ይጀምራል። የቅልጥም ጡንቻ ይሟሽሻል፣ የእግር ጣቶች ይቆለመማሉ፣ የውስጥ እግር ጎድጓዳ ከመጠን በላይ ከፍ ይላል። የእግሩ ፊት ወደ ታች ስለሚወድቅ በሽተኛው መሬቱ እንዳይዘው ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ይራመዳል። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሃዋርድ ሄንሪ ቱዝም ይህንኑ ጻፈ፤ ሕመሙም በሦስቱ ስም ሻርኮ ማሪ ቱዝ ተባለ። እዚህ ላይ ታላቁ ሻርኮ ተሳስቷል። እሱ ጥፋቱ ያለው ኅብለ ሠረሠር ላይ እንደሆነ ሲገምት፣ ቱዝ ግን ወደ እጅና እግር የሚሄዱት ነርቮች ናቸው አለ። ትክክሉ ቱዝ ነበር። (በስኳር ሕሙማን ላይ የሚታየው “የሻርኮ እግር” ሌላ ችግር ነው፤ አያምታታችሁ።)

ዛሬ ሕመሙ ከ2,500 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ዋነኛው የዘር መንስኤ በ1991 ቢታወቅም የሚያድን መድኃኒት ገና የለም። ስለዚህ የየዕለቱ እርዳታ ጫማ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው እግር ክብደቱን ሁሉ በተረከዙና በጣቶቹ ሥር ይሸከማል። በጀሶ ወይም በኮምፒውተር ልክ ተወስዶ የሚሠራ የውስጥ ሶል ጎድጓዳውን ሞልቶ ክብደቱን ያካፍላል፤ በውጭ በኩል ትንሽ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይጠማዘዝ ይረዳል። እግሩ መውደቅ ከጀመረ ግን ሶል ብቻውን አይበቃም፤ እስከ ባት የሚደርስ ድጋፍ ያስፈልጋል። ሶሉ ነርቭ አይመልስም፣ ጡንቻም አያበቅልም። ሕመሙ ስሜትን ስለሚያደነዝዝም በልክ የተሠራው ሶል ራሱ ሳይታወቅ ሊያቆስል ይችላል። አዲስ ሶል ያደረገ ሰው መጀመሪያ ለአጭር ሰዓት እየለበሰ መልመድና ማታ ማታ የውስጥ እግሩን ማየት አለበት።

ሻርኮ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ስለ ሂስቴሪያና ሂፕኖሲስ ባስተማረው ክፉኛ ተተችቷል፤ ትችቱም አብዛኛው ልክ ነበር። ኦገስት 16 ቀን 1893 ለሽርሽር በሄደበት በሴቶን ሐይቅ አጠገብ በ67 ዓመቱ አረፈ። ሐኪም የነበረው ልጁ ዣን ባፕቲስት ሕክምናውን ትቶ የዋልታ አሳሽ ሆነ፤ በ1936 አይስላንድ አጠገብ ከመርከቡ ጋር ሰጠመ።