ስሙ መስፈሪያ ስለ ሆነው ሰው፥ ስለ ጄምስ ዋት

በአዳማ ከተማ አምፑል ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ባለ ስንት ዋት እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ይህ ቃል አስቀድሞ የአንድ ቤተ ሰብ መጠሪያ ነበር። ዋት ማለት ዋልተር ከሚለው ስም ያጠረ ነው፤ ዋልተርም በጥንት ጀርመኖች ቋንቋ የጦር ገዢ ማለት ነው። ስሙን ለዓለም ያስታወቀው ግን ጦር ሳይሆን መዶሻና ሞረድ የያዘ ሰው ነው።

ጄምስ ዋት በ1736 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በስኮትላንድ፥ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። የአባቱም ስም ጄምስ ስለ ነበር፥ በኢትዮጵያ ልማድ ቢጠራ ኖሮ ጄምስ ጄምስ ተብሎ ዋት የሚለው ስም በቀረ ነበር። በሎንዶን አንድ ዓመት ያህል የመለኪያ መሣሪያ መሥራትን ተማረ። ወደ ግላስጎው በመጣ ጊዜ ግን ሰባት ዓመት ከጌታ ሥር ሆኖ አልተማረምና የከተማው ብረት ሠሪዎች ማኅበር ሱቅ እንዳይከፍት ከለከለው። በ1757 ዩኒቨርሲቲው በቅጥሩ ውስጥ የሥራ ቤት ሰጠው።

በዚያም ሳለ የተበላሸ ትንሽ የእንፋሎት መኪና እንዲያድስ ተሰጠው። ኒውኮመን የፈለሰፈው ይህ ዐይነት መኪና ከማዕድን ጕድጓድ ውኃ ይቀዳ ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ግን እጅግ ይፈጃል። ዋት ምክንያቱን መረመረ። ሲሊንደሩ በእንፋሎት ከጋለ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚበርድ፥ በየምቱ እንደ ገና ማጋል ያስፈልግ ነበር። በ1765 እንፋሎቱ በሌላ ዕቃ ውስጥ ቢበርድ ሲሊንደሩ ዘወትር እንደ ጋለ እንደሚኖር ተገለጠለት።

ከአሳቡ እስከ ሥራው ዐሥራ አንድ ዓመት ዐለፈ። ዕዳ ከበደው፤ ለእንጀራው ሲል የቦይ መንገድ እየቀየሰ ኖረ፤ በ1773 ገንዘብ ያወጣለት ሸሪክ ከሰረ፥ በዚያው ዓመት ሚስቱ ሞተች። ኋላ ማቲው ቦልተን የሚባል የበርሚንግሃም ባለ ፋብሪካ ሸሪክ ሆነው፥ በ1776 መኪናው ሥራ ጀመረ።

ገዢዎች በፈረስ ያሠሩ ስለ ነበር፥ መኪናው የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ ሊያውቁ ፈለጉ። ዋትም የፈረስን ሥራ ለክቶ የፈረስ ጉልበት የሚባለውን መስፈሪያ አቆመ። ተራ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ያን ያህል አይሠራምና ገዢው አልተጐዳም። ነገር ግን የፈጠራ መብቱን እስከ 1800 አጥብቆ ይዞ፥ መኪናውን ሊያሻሽሉ የሞከሩትን በፍርድ ቤት ተሟገታቸው፤ ይህ አይመሰገንለትም።

በ1819 ሞተ። በ1882 የእንግሊዝ ሊቃውንት የኀይልን መስፈሪያ ዋት ብለው ሰየሙ፤ እርሱ ራሱ ግን መኪናውን የሠራው በእሳትና በውኃ እንጂ በኤሌክትሪክ አልነበረም። አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ሆነ። ከአዳማ ሳይርቅ በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43 ሚሊዮን ዋት ያህል እንዲሰጥ ተሠራ፤ ይህም ዋት ራሱ ባቆመው መስፈሪያ ቢቈጠር 58 ሺህ ያህል ፈረስ ነው።