ለማይድኑት በር የከፈቱት እማሆይ ቴሬዛ

በገደብም ሆነ በዲላ አንድ ሕመምተኛ ከእንግዲህ በሕክምና አይድንም ሲባል ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤት ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እምብዛም አይነገርም፤ ሌሊቱን ሲያቃስቱ የሚያድሩ አባት፣ በመኝታ ብዛት ጀርባቸው የቆሰለ እናት፣ የቡና ለቀማውን ትቶ ከአጠገባቸው የማይለይ ልጅ። ብዙዎች ማዘር ቴሬዛ የሚሏቸው እማሆይ ቴሬዛ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን የዕድሜ ልክ ሥራቸው አድርገው ኖረዋል።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1910 ስኮፕዬ በተባለች የባልካን ከተማ ከአልባኒያውያን ቤተሰብ ተወለዱ። በ18 ዓመታቸው ለምንኩስና ከቤት ወጥተው ወደ ሕንድ ተሻገሩ፤ በካልካታም ለዓመታት አስተማሩ። በ1948 ገዳሙን ለቀው፣ አጭር የሕክምና ሥልጠና ወስደው፣ ወደ ከተማዋ ድሆች መንደር ገቡ።

በ1952 መንገድ ላይ ወድቃ የምታጣጥር ሴት አንስተው ወደ ሆስፒታል እንደወሰዱና ሆስፒታሉም ሊቀበላት እንዳልፈለገ ይነገራል። በዚያው ዓመት ከከተማው አስተዳደር በካሊ ቤተ መቅደስ አጠገብ የነበረ የምዕመናን ማረፊያ ተሰጣቸው። ለሞት የተቃረቡ ድሆችን ያሳረፉት በዚያ ነው። ሥራው ውስብስብ አልነበረም፤ ገላ ማጠብ፣ ቁስል ማጽዳት፣ ማጉረስ፣ እጅ ይዞ መቀመጥ። የሞተው ሰው በየእምነቱ ሥርዓት እንዲሸኝም የቤቱ ደንብ ያዝዝ ነበር።

ወደ አገራችን የመጡት በ1973፣ በወሎ ረሃብ ዘመን ነው። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ አግኝተው በአዲስ አበባ ሥራ ጀመሩ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ቢተካም ቤቱ አልተዘጋም። በ1977 ዓ.ም. ረሃብም ተመልሰው መጥተዋል።

ስለ እማሆይ ሲጻፍ ውዳሴ ብቻ ማቅረብ ግን ለአንባቢ አይጠቅምም። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አርታኢ ሮቢን ፎክስ የካልካታውን ቤት ጎብኝተው በ1994 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት እንደማይሰጥ ተችተዋል። በ1989 ለእሳቸው ለራሳቸው የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ተገጥሞላቸው ስለነበር ነቀፌታው በረታ። ትችቱን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይጋራል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 ለንደን በከፈቱት ማረፊያ ሞርፊን ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጥ ነበር። እንዲህ ሲሰጥ የካንሰር ሕመምተኛ እንኳ ተኝቶ ማደር፣ ከልጆቹም ጋር መጫወት ይችላል። ስለዚህ በሽተኛውን ከሆስፒታል ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ ለሥቃዩ ምን እንደሚሰጠው፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚሰጠውና ማስታገሻው ሆድ ሲያደርቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ሐኪሙን ጠይቆ መውጣት ይገባዋል። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጀርባን ከቁስል ያድናል።

እማሆይ በ1979 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ መስከረም 1990 ዓ.ም. ሊብት ቀናት ሲቀሩት በ87 ዓመታቸው ካልካታ ውስጥ ዐረፉ። በአዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው ጠያቂ የሌላቸውን ሕሙማን ዛሬም ይቀበላል።