ዘውዳቸውን ለምስጋና የሰጡ ንጉሥ

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን የምታስባቸው ዐፄ ካሌብ የዐፄ ታዜና ልጅ ናቸው። የዙፋን ስማቸው እለ አጽብሐ ይባል ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ሲነግሡ ድህነትን የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ስማቸውን የያዘው የወርቅ ገንዘብ እስከ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ይገኛል። ከቁስጥንጥንያ የተላከ መልእክተኛ የአክሱምን ንጉሥ 4 ዝሆኖች በሚስቡት ከፍ ያለ ሰረገላ ላይ፣ በወርቅ ባጌጠ ልብስ ተሸልመው እንዳያቸው ማላላስ የተባለው ጸሐፊ ተርኮልናል። ይህን ማንሣታችን ብልጽግናውን ለማድነቅ አይደለም፤ የተተወው ሳይታወቅ ምስጋናው ሊመዘን ስለማይችል ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 በደቡብ ዓረቢያ፣ በናግራን ከተማ ይኖሩ የነበሩ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን እንዲክዱ በሒምያሩ ንጉሥ በዙ ኑዋስ ተገደዱ። እምቢ ያሉት ገሚሶቹ በእሳት፣ ገሚሶቹ በሰይፍ አለቁ። ሽማግሌው ቅዱስ ኂሩትም ከነዚሁ ሰማዕታት አንዱ ነው። ወሬው ዐፄ ካሌብ ዘንድ በደረሰ ጊዜ፣ ንጉሡ አስቀድመው የሄዱት ወደ አባ ጰንጠሌዎን በዓት እንደ ነበር ገድሉ ይነግረናል። ጻድቁ በጠባብ በዓታቸው ለ45 ዓመታት ቆመው የጸለዩ አባት ናቸው። ከዚያም ሠራዊቱ በ525 ገደማ ከአዱሊስ ወደብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ድል አደረገ፤ ከሞት የተረፉትም ክርስቲያኖች እንደገና ለማስቀደስ በቁ።

ይሁን እንጂ የተያዘው አገር ለብዙ ጊዜ በእጃቸው አልቆየም። አብርሃ የተባለው ሰው እርሳቸው የሾሙትን ገዥ አስወግዶ ሥልጣን ያዘ። እርሱን ለመቅጣት ሁለት ጊዜ የተላከው ጦርም እንዳልቀናው ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። እንግዲህ የንጉሡ ምስጋና ስለ ግዛት ቢሆን ኖሮ ከግዛቱ ጋር ባለቀ ነበር። እኛ እንደምናስተውለው ግን ያመሰገኑት ስለ ነፍስ ነው፤ ስለ ራሳቸውና ከእሳት ስለ ተረፉት ወገኖቻቸው።

ስንክሳሩ እንደሚተርከው ዐፄ ካሌብ ዘውዳቸውን በጌታ መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ሰደዱ። መንግሥቱን ለልጃቸው ትተው መነኰሱ። ከዚያ ሁሉ ወርቅ መካከል ይዘው የሄዱት አንድ ምንጣፍና አንድ የውኃ መጠጫ ጽዋ ብቻ ነበር። ልጅን ትቶ መሄድ ግን ወርቅን እንደ መተው ቀላል አይመስለንም። አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ከአክሱም የራቀ አይደለም፤ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ልጅ ስለሚገዛት ከተማ መጸለይ ይቻል ነበር።

ከአክሱም ከተማ ወጣ ብሎ ከሚገኝ ሌላ ኮረብታ ላይ፣ በጥሩ ሁኔታ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠሩ ሁለት መቃብሮች አሉ። አንዱ የዐፄ ካሌብ፣ ሁለተኛው የልጃቸው የዐፄ ገብረ መስቀል ይባላል። ሁለቱም ጎን ለጎን ናቸው።