የእንዶድ ፍሬና የዶክተር አክሊሉ ለማ ድካም

አንድን እውነት ማየትና ያንኑ እውነት ለሌላው ሰው በማያጠራጥር ማስረጃ ማስረዳት ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላቸው ዶክተር አክሊሉ ለማ የመጀመሪያውን ሥራ በአንድ ወንዝ ዳር ጀምረው በአጭር ጊዜ ፈጸሙት፤ ሁለተኛው ግን ከሃያ ዓመት በላይ አደከማቸው። በትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶችና በቅርቡ ሥራ የያዙ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ታሪክ ልብ ብለው ቢመለከቱት ቁም ነገር ያገኙበታል ብለን እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አገር ተከታትለው፣ በ1964 ጆንስ ሆፕኪንስ ከሚባለው ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። የትምህርታቸው ዘርፍ በሰው አካል ውስጥ ገብተው በሽታ የሚያመጡትን ጥገኛ ተሕዋስያን የሚመለከት ነበር። ወዲያውም ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ ሐሳባቸውን የያዘው ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ነበር። የዚህ በሽታ ትል ዕንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይገባል። በዚያም ይፈለፈልና በወንዝና በኩሬ በሚኖር አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ አድሮ ይባዛል። ከዚያ እንደ ገና ወደ ውኃው ወጥቶ፣ ሊታጠብ ወይም ሊዋኝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ደሙ ይዘልቃል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ መሐል ላይ ተቋረጠ ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት በውጭ አገር ፋብሪካዎች ይሠራ ነበር፤ ዳሩ ግን ዋጋው ውድ ስለ ነበረ ለድኻ አገር የሚቻል አልሆነም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ይህንኑ በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋው አገራችን በየአጥሩና በየጫካው ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። የአስኮ ነዋሪ ቢሆን ወይም የዐድዋ፣ በዕድሜ የገፉ እናቶችን የጠየቀ ሰው ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ይነጣ እንደ ነበር ሳይሰማ አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ግን ዓይናቸው ያረፈው በልብሱ ላይ አልነበረም። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ ተንሳፈው አዩ። ከሌላ ስፍራ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ከእንዶዱ አረፋ ጋር ባገናኟቸው ጊዜ እነዚያም ሞቱ።

ስንት ዘመን ሙሉ ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አለፈ! ነገር ግን አይቶ የጠየቀ፣ ጠይቆም የፈተነ አልተገኘም ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም እርሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው በዐድዋ ከተማ 17,000 ያህል ሕዝብ በሚጠቀምበት ውኃ እንዶድን ፈተኑ። በዚያን ጊዜ ውስጥ በትንንሽ ልጆች መካከል በሽታው የሚገኝባቸው ቍጥር ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ወንዝ ዳር የተገኘው ሐሳብ በከተማ መጠን ሥራ ላይ ውሎ ታየ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በፍሬው ውስጥ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ነገር ምን እንደ ሆነ ገና መታወቅ ነበረበት። አንድ ፍሬ በውስጡ እጅግ ብዙ ቅመሞችን አጣምሮ ይይዛል። እነዚህን እርስ በርስ የመለየት ጥበብ ክሮማቶግራፊ ይባላል፤ ትርጓሜውም በግሪክ ቋንቋ ቀለም መጻፍ እንደ ማለት ነው። ጥበቡን ያስገኘው ሚኻይል ጽቬት የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። ይህ ሰው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከቅጠል የወጣ ፈሳሽ የጠመኔ ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቧንቧ ውስጥ ቢያሳልፍ፣ አረንጓዴውና ብጫው ቀለም በየደረጃው ተለያይቶ ቆመ። አንዱ ቅመም ከዱቄቱ ጋር አጥብቆ ሲያያዝ ሌላው ከፈሳሹ ጋር ፈጥኖ ይወርዳል፤ የመለየቱ ምሥጢር ይህ ነው። ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚሠራባቸው ውድ መሣሪያዎች፣ ቀለም የሌላቸውን ቅመሞች ሳይቀር ለይተው የሚመዝኑት፣ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

የእንዶዱን ፍሬ ነገር ለመለየት ዶክተር አክሊሉ በካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ጋር ሠሩ። ቡታኖል በተባለ ፈሳሽ ሲወጣ የእንዶዱ ኃይል እንደሚጨምር በ1972 በጋራ ባወጡት ጽሑፍ አስታወቁ። ገዳዩም ነገር ሳፖኒን ከሚባሉት፣ አረፋ ከሚሰጡት ቅመሞች ወገን ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህም አንዱ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ አባት ስም በዚህ መንገድ በዓለም የኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በ1980ዎቹ የስዊስ አገር ኬሚስቶች እንዶድን እንደ ገና ሲመረምሩ፣ ፍሬውን በውኃ ያወጡት እንደ ሆነ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ሳፖኒን አገኙ፤ ሜታኖል በተባለው አልኮል ያወጡት እንደ ሆነ ግን የተገኘው ሳፖኒን የማይገድል ነበር። ምክንያቱም የተወቀጠው ፍሬ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ የስኳሩን አንድ ክፍል ቈርጦ ይጥልና ያነቃዋል፤ አልኮሉ ግን ኤንዛይሙን ስለሚያግደው ሳፖኒኑ እንደ ተኛ ይቀራል። እንግዲህ ሁለት መርማሪዎች ከአንድ ጆንያ ፍሬ ቢወስዱ፣ በአንድ መሣሪያም ቢመዝኑ፣ ናሙናውን ያዘጋጁበት መንገድ ከተለያየ ሁለት የተለያየ መልስ ይዘው ይወጣሉ ማለት ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ የቀረበለትን ነው የተናገረው። እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው በውኃ ማሸታቸው ትክክለኛው አዘገጃጀት ሆኖ መገኘቱ ያስደንቃል።

አሁን ወደ ዶክተር አክሊሉ ድካም እንመለስ። እንዶድ በሰፊው በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለሰውና ለእንስሳት የማያሰጋ መሆኑ ዓለም አቀፍ ደንብን በተከተለ ላቦራቶሪ እንዲረጋገጥ ተጠየቀ። ጥያቄው ራሱ ተገቢ ነበር፤ በሕዝብ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበትና። የሚያሳዝነው ግን በአፍሪካ ምድር የተሠራው ምርመራ በሌሎች ዘንድ እምነት ማጣቱ፣ በደንቡ መሠረት እንደ ገና ለማሠራትም ገንዘብ መታጣቱ ነው። ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉም የአፍሪካን ሳይንስ ከሚያዳክሙት ነገሮች አንዱ ከዚህ አህጉር ቁም ነገር ያለው ግኝት አይወጣም የሚለው አስተያየት መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በመጨረሻ በካናዳ የልማት ምርምር ድርጅት ርዳታ ምርመራው ተካሂዶ፣ እንዶድ ዓይንን ከማስቆጣቱና ዓሣን ከመጉዳቱ በቀር ለጡት አጥቢዎች ያለው መርዛማነት ዝቅተኛ መሆኑ ታወቀ።

በ1989 ዶክተር አክሊሉ፣ ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዘሮች መካከል ኃይለኛውን ዓይነት 44ን መርጠው ካወጡት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በመሆን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ወጥቶ ቢልሃርዚያን ለመከላከል ዋነኛው መሣሪያ ሆኖ ነበር፤ እንዶድም የታሰበለትን ሰፊ ስፍራ ሳያገኝ ቀረ። ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም ካገለገሉ በኋላ በሚያዝያ ወር 1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? የራሱ ምርመራ የማይታመንለት አገር የራሱን ሀብት ዋጋ ሌላው እስኪነግረው ድረስ ለመጠበቅ ይገደዳል። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ማግኘቷን ባስታወቀች ጊዜ ንግዱ ምን ያህል እንደ ተጎዳ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው ቅሪት የሚታወቀው በክሮማቶግራፊ ነው፤ ቅሪቱን ቡናው ከወደብ ሳይነሣ አስቀድሞ የሚያውቅ ላቦራቶሪ ያለው አገርና ከገዢው አፍ የሚሰማ አገር እኩል አይደሉም።

እንደ ዕድል ሆኖ ዛሬ የክሮማቶግራፊና የናሙና አዘገጃጀት ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል። በአስኮ የሚኖር አንድ ወጣት መርማሪ ከሥራ ሲመለስ፣ ዶክተር አክሊሉ ባሕር ተሻግረው የፈለጉትን ዓይነት ዕውቀት በእጅ ስልኩ መከታተል ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ዳቦ መጋገር በማየት ብቻ እንደማይለመድ ሁሉ፣ ናሙና መመዘን፣ ማጥለልና መለካትም እጅን ይፈልጋል። ስለዚህ በጽሕፈት ቤት ያሉ ወጣት ሹማምንት ሠራተኛቸው ትምህርቱን የሚከታተልበትን ሰዓትና የሚለማመድበትን ኬሚካል ቢፈቅዱለት ገንዘቡ በከንቱ ወጣ አይባልም። መርማሪውም ስንት ግራም እንደ መዘነ፣ በምን ፈሳሽ እንዳወጣና ስንት ሰዓት እንዳቆየ ሳያጓድል በመዝገቡ ይጻፍ። ማንም ሰው፣ በየትም አገር፣ መዝገቡን ተከትሎ ሥራውን ቢደግመው ያንኑ መልስ ማግኘት አለበት። ዶክተር አክሊሉ በወንዝ ዳር ላዩት እውነት ከሃያ ዓመት በላይ ሲፈልጉለት የኖሩት እምነት የሚገነባው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው።