ደም ይዘው የበሩት ኮሎኔል

የምሩቃን መሰባሰቢያ ሲነሳ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ትዝ ይሉኛል። በ1926 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ተስኪጊ ለመሰባሰብ የሄዱት ራሳቸው አውሮፕላን እያበረሩ ነው፤ የበረራ ትምህርት ክፈቱ ብለው ሊያሳምኑ። እሳቸውማ ጥቁር ናቸው ተብለው የቺካጎው የበረራ ትምህርት ቤት ስላልተቀበላቸው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆነው ትምህርቱን እያዳመጡ ነበር የጀመሩት። በ1927 አገራችን መጥተው አየር ኃይላችንን በጦርነቱ መሩ፤ ከድል በኋላም ተመልሰው አብራሪዎች አሠለጠኑ።

እኔ ጊምቢ ስሠራ፣ ለምትደማ እናት ከነቀምቴ ደም እስኪመጣ ደቂቃ እየቆጠርኩ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ለዚህ ይሆናል ከታሪካቸው ሁሉ የመጨረሻው በረራ የሚበልጥብኝ። መጋቢት 1946 ለበሽተኛ ደም ለማድረስ ሲበሩ አውሮፕላናቸው ወድቆ ክፉኛ ተቃጠሉ፤ ሁለት ሳምንት ታክመው አረፉ። አዲስ አበባ ተቀበሩ።